ኮታው የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወጣቶች ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የሴት ተማሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ሶሮሪቲ ስለሚባሉት፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ጽሑፉ ደህና ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ነገሩን ሁሉ ገልብጦታል፤ እያንዳንዱ ማኅበር በየዓመቱ ስንት ልጅ እንደሚቀበል ኮታውን አስቀድሞ አውጥቶ ምልመላ ይጀምራል ይላል። ኮታውን ማኅበሩ አያወጣም፤ አስቀድሞም አይወጣም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። ድሬዳዋ ላይ ኮታ ሲባል ሰው የሚያስበው የሸማቾች ማኅበርን ስኳርና ዘይት ነው። መጀመሪያ ኩንታሉ ይመጣል፣ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ኪሎ እንደሚደርስ ይወሰናል፣ ከዚያ ሰው ይሰለፋል፣ ሳይደርሰው ያለቀበት ባዶ ፌስታሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሶሮሪቲ ኮታ ግን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ሰልፉ ይቆጠራል፤ ሰልፉ ውስጥ ማን እስከ መጨረሻ እንደቆየና ፊቱን ወደ የትኛው በር እንዳዞረ ይታያል፤ ለእያንዳንዱ በር ስንት ሰው የሚለው ከዚያ በኋላ ይወሰናል። ይህ ቅደም ተከተል ካልተያዘ የቀረው ሁሉ አይገባም።

ስለየትኞቹ ማኅበራት እንደምናወራ እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1902 የተመሠረተና ለረጅም ዓመታት 26 አባል ማኅበራትን አቅፎ የኖረ ናሽናል ፓንሄሌኒክ ኮንፈረንስ የሚባል ጥምረት አለ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉት የእነዚህ ማኅበራት ቅርንጫፎች (ተማሪዎቹ «ቤት» ይሏቸዋል) በጋራ የፓንሄሌኒክ ምክር ቤት ያቋቁማሉ። የኮታው ሕግ የእነዚህ ብቻ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ሶሮሪቲዎች፣ ማለትም በ1908 እና በ1913 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረቱት አልፋ ካፓ አልፋና ዴልታ ሲግማ ቴታ፣ እንዲሁም በኋላ የመጡት ዜታ ፋይ ቤታና ሲግማ ጋማ ሮ፣ አባል የሚቀበሉት በሌላ መንገድ ነው፤ የምልመላ ዙርም ኮታም የላቸውም። ካማላ ሃሪስ የአልፋ ካፓ አልፋ አባል መሆኗን ያነበበ ሰው ነሐሴ በመጣ ቁጥር በስልኩ የሚያየው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ልጃገረዶች የምልመላ ጭፈራና እሷ የገባችበት ሥርዓት አንድ ይመስለዋል። አንድ አይደለም።

አሁን ወደ አካሄዱ እንግባ። ምልመላው አብዛኛውን ጊዜ አራት ዙር አለው። በመጀመሪያው ሁሉም እጩዎች ሁሉንም ቤቶች ይጎበኛሉ። ከዚያ ቤቶቹ የሚፈልጓቸውን መልሰው ይጋብዛሉ፣ እጩዎቹም ከደረሳቸው ግብዣ ይመርጣሉ። በየዙሩ ቁጥሩ ይጠባል፤ አሥር ቤት ባለበት ግቢ አንዲት ልጅ በሁለተኛው ዙር ሰባት ቤት፣ በሦስተኛው አራት፣ በመጨረሻው ሁለት ብትጎበኝ የተለመደ ነው። የመጨረሻው ዙር ፕሪፈረንስ ይባላል፤ ሻማ የሚበራበት፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራበት ነው። እጩዋ ከዚያ ስትወጣ ካርድ ትሞላለች፦ አንደኛ ምርጫዬ ይህ ቤት፣ ሁለተኛ ያኛው።

እዚህ ላይ አስቸጋሪው ሥራ የሚሠራው ሰው ሳያየው ነው። ዝነኛው ቤት ሁሉንም ጋብዞ መጨረሻ ላይ ቢያባርር የተባረሩት ልጆች ሌላ ቤት የመተዋወቂያ ጊዜ አልፎባቸዋል። ድሮ የሚሆነው ይህ ነበር። ስለዚህ ከኮንፈረንሱ የሚመደብ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ቤት በየዙሩ ስንት ልጅ መጋበዝ እንደሚችል ይነግረዋል፤ ቁጥሩም ከቤት ቤት ይለያያል። የሚሰላው ባለፉት ዓመታት ከተጋበዙት ስንቱ ግብዣውን ተቀብለው እንደተመለሱ ታይቶ ነው።

ለስሌት ያህል እንዲህ እንውሰድ። ግቢው አሥር ቤት አለው፤ የኮታው ግምት 52 አካባቢ ነው። «ሀ» ቤት ዝነኛ ነው፦ ከሚጋብዛቸው 95 በመቶው ይመጣሉ፣ በመጨረሻው ዙር ከመጡት 80 በመቶው ደግሞ አንደኛ ብለው ይጽፉታል። 52 ልጅ ለማግኘት 65 ቢመጡለት ይበቃዋል፤ 65 እንዲመጡ 69 ያህል መጋበዝ አለበት። «መ» ቤት ግን ከጋበዛቸው 60 በመቶው ብቻ ይመጣሉ፣ አንደኛ የሚያደርጉት ከመጡት 35 በመቶው ናቸው። እሱ 52 ልጅ የሚያገኘው 149 ሲመጡለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ 248 መጋበዝ አለበት። 69 እና 248! ግቢው አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ከውጭ ለሚያየው ዝነኛው ቤት ኩሩ፣ ደካማው ቤት ለጋስ ይመስላል። ሁለቱም የተነገራቸውን ቁጥር እያከበሩ ነው። በሁለተኛው ዙር ዝነኛ ቤት ስለጣላት የምታለቅስ ልጅ በቪዲዮ ስታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ይህን ሒሳብ ነው፤ ቤቱ ቶሎ እንዲለቃትና ጊዜዋን ሊወስዳት በሚችል ቤት እንድታሳልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። ደስ አይልም፣ ግን በመጨረሻው ቀን ከመባረር ይሻላል።

ቤቶቹ የሚያስገቡት የግብዣ ዝርዝርም አንድ ወጥ አይደለም። ከዋናው ዝርዝር በታች «ቁጥሩ ከፍ ካለ እነዚህ ይጨመሩ»፣ ከግርጌው ደግሞ «ዝቅ ካለ እነዚህ ይቀነሱ» የሚል ተጠባባቂ ክፍል አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌሊቱን ሃያ ልጅ ከምልመላው ብትወጣ ጠዋት ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ቤቱን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ እንደገና ማወያየት አያስፈልግም።

ኮታው ራሱ የሚወለደው ከዚህ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ዙር ግብዣ የተቀበሉት ልጆች ብዛት ለቤቶቹ ብዛት ይካፈላል፤ ጥቂት ልጆች ሳይፈርሙ እንደሚወጡ ታስቦ ኮታው ሊያርፍበት የሚችል ክልል ይያዛል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ካርዶቹ ከገቡ በኋላ ነው። በምሳሌያችን 520 ልጆች መጨረሻው ዙር ላይ ደረሱ እንበል፤ አሥሩ ወጡና 510 ፈረሙ። ለአሥር ሲካፈል 51 ይሆናል። ባለሙያው ግን 51 ብሎ አያቆምም፤ በኮምፒውተር በ48፣ በ51፣ በ54 እያለ ልጆቹን ከቤቶቹ ጋር የማጣመሩን ሥራ ደጋግሞ ይሞክራል።

በ54 ሲሞከር ስድስት ቤቶች ሞልተው 324 ልጆች ወሰዱ፤ አራቱ ቤቶች ለ182 ቀሩ፣ ለአንዱ 45 ገደማ ማለት ነው። ቤት ያጡት አራት ልጆች ብቻ ናቸው፣ ግን አራት ቤቶች እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ያህል ሰው ጎደላቸው። በ48 ሲሞከር አሥሩም ቤት ሞላ፣ 30 ልጆች ግን ውጭ ቀሩ። በ51 ሰባት ቤቶች ሞልተው 357 ወሰዱ፤ ሦስቱ 48፣ 47 እና 45 ላይ ቆሙ። በድምሩ 497 ልጆች ቤት አገኙ፣ 13 ቀሩ። ልብ በሉ፦ 13 ልጅ ቤት የላትም፣ 13 ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። ግን ልጆቹ እነዚያን ሦስት ቤቶች ካርዳቸው ላይ አልጻፉም፤ ስላልጻፉ ማንም አስገድዶ አያስገባቸውም።

ታዲያ 13ቱ ምን ይሆናሉ? እዚህ ላይ «የኮታ ተጨማሪ» የሚባል ነገር አለ። በየዙሩ የተጋበዘችበትን የተፈቀደላትን ያህል ቤት ሁሉ የጎበኘችና በመጨረሻም የጎበኘቻቸውን ቤቶች በሙሉ ደረጃ ሰጥታ የጻፈች ልጅ ጥፋት የለባትም፤ ስለዚህ ከጻፈቻቸው ቤቶች አንዱ ከኮታው በላይ ይቀበላታል። ከ13ቱ ዘጠኙ እንዲህ ያደረጉ ቢሆኑ ዘጠኙም ይገባሉ፤ ድምሩ 506 ይሆናል። በ54 ቤት ያገኙትም 506 ነበሩ። ልዩነቱ፣ በ51 የደካሞቹ ቤቶች ጉድለት ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ሲሆን በ54 አራቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ያህል መጉደላቸው ነው። ባለሙያው 51ን ይመርጣል። የኮታው ዋና ሥራ ይኸው ነው፤ ዝነኞቹ ጠርገው እንዳይወስዱና ደካማው ቤት እንዳይዘጋ መጠበቅ። አንድ ቤት ለሦስትና ለአራት ዓመት በተከታታይ ካልሞላ መዋጮው ያንሳል፣ የቤቱ ወጪ ግን ያው ነው፣ ልጆቹ ቁጥራቸው እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚጎበኘው እጩም «ይህ ቤት ሰው የለውም» ብሎ ይሸሻል። እንደ ተቦረቦረ ጥርስ ነው፤ ከጀመረ አይቆምም።

የቀሩት አራት ልጆች ግን አሳዛኞቹ ናቸው። ሁለት ቤት ጎብኝተው አንዱን ብቻ የጻፉ ናቸው፤ «ያኛው ቤት ከሆነ ይቅርብኝ» ብለው። ይህን ማድረግ መብት ነው፣ የተጨማሪነት ዋስትናው ግን ወዲያው ይቀራል። ለእነዚህ አራት ልጆች ባዶ ቦታ ያላቸው ቤቶች በዚያው ሌሊት ሊደውሉላቸው ይችላሉ፤ ወይም ምልመላው ካበቃ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሚሆነው መደበኛ ባልሆነ ቅበላ ዕድላቸውን ይሞክራሉ። ዝነኛው ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞልቷልና በዚያ ቅበላ ውስጥ የለም። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አልቪን ሮት ከሱዛን ሞንጌል ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ የማጣመር ሥርዓት መርምረው፣ አንድ ቤት ብቻ መጻፍ በዚያን ጊዜ በጣም የተለመደ እንደነበር አሳይተዋል። የኋላው ማስተካከያ ሁሉ ያንን ልማድ ዋጋ ለማስከፈል የተሠራ ይመስላል።

ማጣመሩ ራሱ ቀላል ነው። ቤቱም በበኩሉ ልጆቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ጽፎ አስገብቷል፤ የኮታው ቁጥር ሲታወቅ ከላይ ያሉት 51 አንደኛ ዝርዝር ይሆናሉ፣ ከ52ኛዋ ጀምሮ ያሉት ተጠባባቂ ናቸው። አንዲት ልጅ አንደኛ የጻፈችው ቤት በአንደኛ ዝርዝሩ ካላት ተጣመሩ ማለት ነው፤ ስሟ ከሌሎቹ ዝርዝር ሁሉ ይሰረዛል። ስሟ በተሰረዘበት ቤት ተጠባባቂዋ አንድ ደረጃ ከፍ ትላለች። እንዲህ እየተባለ የሚንቀሳቀስ ስም እስኪያልቅ ይዞራል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሞላ የእኛ ተማሪ ግማሹን ያውቀዋል፦ ምርጫ በደረጃ ትጽፋለህ፣ ቦታ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ትወርዳለህ። ሁለት ልዩነት ግን አለ። በእኛው ምደባ የሚያወዳድረው ውጤት ነው፣ ክፍሉ ተማሪውን በስም አይመርጥም፤ ደግሞም የመቀበል አቅሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ልክ እንደ ስኳሩ። የዓምዳችሁ ጸሐፊ ያደባለቀው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ኮታ ከሌላ ቁጥር ጋርም ይምታታል። «ቶታል» የሚባል አለ፤ ይህ አዲሶቹንም ነባሮቹንም ጨምሮ አንድ ቤት በግቢው ሊኖሩት የሚችሉት አባላት ጣሪያ ነው። የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ከቤቶቹ የአባላት ብዛት መካከለኛው ተይዞ ነው፤ ምልመላው ተጠናቆ የአባልነት ጥሪው በተሰጠ በ72 ሰዓት ውስጥም እንደገና ይስተካከላል። ኮታ በዚህ ዓመት ምልመላ ስንት ወሰድክ የሚለውን ይገድባል፤ ቶታል ደግሞ ከዚያ በኋላ ልጨምር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ቤቱ ኮታውን ቢሞላም ከቶታል በታች ከሆነ በክፍት ቅበላ መቀጠል ይችላል። ቁጥሮቹ ሁሉ ከልክ በላይ ሲያብጡ፣ አንድ ቤት ሦስትና አራት መቶ ልጅ ሲይዝ፣ መፍትሔው አዲስ ሶሮሪቲ ወደ ግቢው መጥራት ነው። ዕድር ሲበዛ ለሁለት እንደሚከፈለው በሉት። እነሱ ይህን «ኤክስቴንሽን» ይሉታል። ከድሬ የደንገጎን ዳገት ወጥተን የምናገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሲቋቋም ኤክስቴንሽን የሚለው ቃል ለገበሬ ምክር መስጫ ሆኖ መጣ፤ ሴሚስተሩም ክሬዲት አወሩም አብሮ መጣ። ሶሮሪቲው ግን ዳገቱን አልወጣም።

ሒሳቡ ንጹሕ ነው ማለት ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ኮታ ስንት ይገባሉ የሚለውን እንጂ እነማን የሚለውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ ጥቁር ተማሪዎች በዘራቸው ምክንያት ከነጮቹ ሶሮሪቲዎች እንደተገለሉ አጋለጠ። ኮታው በዚያ ምልመላም በሥራ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲው መውጫ ያገኘው የአባላት ጣሪያውን ከፍ አድርጎ ክፍት ቅበላ እንዲደረግ በማዘዝ ነው፤ ማለትም ሕጉ ውስጥ ከነበረው ከሁለተኛው በር። ሕጉ በር ነበረው፣ እስኪታዘዙ ድረስ ግን የከፈተው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከድሬዳዋና ከሐረር ልጆቻቸው አሜሪካ የሚማሩ፣ ወይም እዚያው የተወለዱ የእህትና የወንድም ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጅቷ በነሐሴ ደውላ «እማዬ፣ ልመዘገብ ነው» ስትል እናት የምታውቀው አፎቻና ዕድር ነው፤ በሐረር የሴቶች አፎቻ አለ፣ ሠርግና ሐዘን አብሮ ይወጣል፣ መዋጮ ይከፈላል፣ ጎረቤት ከሆንሽ ገባሽ። «ማኅበር ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ግቢ!» ትላለች። ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ወረቀቱ ነው። ከመጨረሻው ዙር በኋላ የሚፈረመው ካርድ የምርጫ ቅጽ ብቻ ሳይሆን ውል ነው። ከጻፈቻቸው ቤቶች አንዱ ጥሪ ሰጥቷት እምቢ ካለች፣ በዚያ ግቢ ያለ ሌላ የኮንፈረንሱ አባል ቤት እስከሚቀጥለው ዓመት ዋና ምልመላ ድረስ ሊቀበላት አይችልም። ስለዚህ በጭራሽ የማትገባበትን ቤት መጻፍ የለባትም፤ ልትኖርበት የምትችለውን ቤት ሳትጽፍ መተው ደግሞ ዋስትናዋን መጣል ነው። የድሬ ልጅ «አቦ፣ አንዱን ጻፊና ገላገይው» የሚል ምክር በስልክ ሊሰጣት ይችላል፤ እባካችሁ አትስጧት። ከመፈረሟ በፊት ሃያ ደቂቃ ብቻዋን ተቀምጣ ታስብ። በዚያ ሰዓት ነባር አባል አጠገቧ ተቀምጦ «አንቺ የእኛ ነሽ» ማለትም፣ ጥሪ እንደሚደርሳት ቃል መግባትም ክልክል ነው። ቃል የገባላት ካለ ቃሉ ዋጋ የለውም፤ ዝርዝሩን የሚያስገባው ቤቱ ነው፣ ኮታውን የሚቆርጠው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። የምልመላው መመዝገቢያ ትንሹ ነው። የአዲስ አባል ክፍያ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የምግብ፣ የሕንፃ የሚባል አለ፤ ብዙ ቤቶችም ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው ቤት ውስጥ መኖርን ያስገድዳሉ። በየዙሩ መካከል በጽሑፍ ትጠይቅ። በቃል «ብዙም አይደለም» ያለ ሁሉ ከፋዩ እሱ አይደለም።

ሦስተኛው ውጤት ነው። እያንዳንዱ ቤት ዝቅተኛ የትምህርት ውጤት መስፈርት አለው። ዝነኛው ቤት 69 ብቻ ጋብዝ ሲባል መጀመሪያ የሚጥለው ከመስፈርቱ በታች ያሉትን ነው፤ ሳቋንም አለባበሷንም ያየላት የለም። እናቷ በዚያ ቤት የነበረች ልጅ ቅድሚያ ታገኛለች የሚባለውም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በብዙዎቹ ማኅበራት ቀርቷል፤ የድሮ ወሬ ይዛ እንዳትሄድ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «ቤቶቹ ኮታቸውን አውጥተው ምልመላ ይጀምራሉ» የሚለው እንዲታረም እንጠይቃለን። ቦታ ካጠረባችሁ ይህ ይበቃል፦ ኮታው የሚቆረጠው ልጆቹ ካርዳቸውን ፈርመው ካስገቡ በኋላ ነው፤ የሚቆርጠውም ቤቱ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፤
ሁለት አንባቢዎቻችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ